ደሴ ላይ ባለ ሁለት ካምሻፍት ፊያት ጉልበቱ እንዴት ይጨምራል

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያለከለከ የሚወጣ ፊያት 125 የግድ ሞተሩ አርጅቶ አይደለም። የሳሳው አየሩ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። ደሴ ላይ አንድ ሊትር አየር ሲመዘን ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ ሊትር አየር አራት አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። ሞተር ጉልበት የሚያወጣው በሚስበው አየር ክብደት ልክ ስለሆነ፣ ፋብሪካው 90 የፈረስ ጉልበት ብሎ ያወጣው 1608 ሲሲ ሞተር ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ ከ65 እስከ 70 ባለው ጉልበት ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ወሎ ውስጥ ሞተር ማጎልበት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። አንደኛው ከፍታው ካበላሸው ውስጥ ሊመለስ የሚችለውን መመለስ ነው፤ ይህ በካቻቢቴ፣ በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) እና በጥቂት ጄቶች (ቤንዚን በልክ በሚያሳልፉ የካርቡራተር ቀዳዳዎች) ይሠራል። ሁለተኛው ፋብሪካው ከሰጠው በላይ መጨመር ነው፤ ይህ ቶርኖ ቤትና ሬክቲፊካ (የሞተር ብረት የሚላጥበት ቤት) ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይበላል። ብዙ ሰው ከሁለተኛው ይጀምራል። ትልቅ ካርቡራተር ይገዛል፣ ማርሚታውን (የጭስ ድምፅ ማፈኛውን) አስቆርጦ ቀጥ ያለ ቱቦ ያስበይዳል፣ መጨረሻ ላይ ድምፁ አገር የሚያውክ፣ ሐረጎን ግን ከበፊቱ ቀስ ብሎ የሚወጣ መኪና ያገኛል። አየር በሌለበት ትልቅ ካርቡራተር ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

የምንናገረው ኢንጂነር አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ለፊያት ስለ ነደፈው፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ዘንጎች (ካምሻፍት) ስላሉት፣ በ1966 እ.ኤ.አ. በ124 ስፖርት ላይ በ1438 ሲሲ ስለ ወጣው ሞተር ነው። 125 ላይ 1608፣ 132 ላይ 1592 እና 1756፣ በኋላም 1995 ሲሲ ሆኗል። የሁሉም ካምሻፍት የሚዞረው በጥርሳም የጎማ ቺንጋ ነው፤ የእሳት ተራቸው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚለኮሱበት ቅደም ተከተል፣ 1-3-4-2 ነው። ዝርዝር መለኪያቸው ይለያያል፣ ስለዚህ እዚህ ያለው ቁጥር ከመኪናዎ ማኑዋል ጋር ከተጋጨ ማኑዋሉን ይመኑ።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን ይለኩ

ሞተሩን እስኪሞቅ ያስነሱ፣ አራቱንም ካንዴላ ይፍቱ፣ የኮይሉን ገመድ ይንቀሉ። ረዳትዎ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ይርገጥ፤ ካልረገጠ አየር አይገባም፣ ንባቡም ውሸት ይሆናል። እያንዳንዱን ሲሊንደር አምስት ስድስት ምት ያዙሩና ይጻፉ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ኃጢአቱ የሚፈታው። ባሕር ወለል ላይ 12 ባር፣ ማለትም 175 ፒኤስአይ ገደማ የሚያሳይ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 9.7፣ ደሴ ላይ ደግሞ 9 ባር ገደማ ነው የሚያሳየው፤ በፒኤስአይ 130 ማለት ነው። መካኒኩ ማኑዋል ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ቢል አይፍረዱበት፣ ነገር ግን ሞተሩን አያስፈቱ። ደሴ ላይ የሚታየው የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከትልቁ እስከ ትንሹ ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ያፍስሱና እንደገና ይለኩ። ንባቡ ከወጣ ፋሻ ነው። ካልወጣ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበልቷል። ይህ ሳይስተካከል ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከንቱ ነው።

የቫልቭ ክፍተት

ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቃዛ ሲሆን የሚሠራ ሥራ ነው። የደሴ ጠዋት ለዚህ ይመቻል። የሁለቱንም ካምሻፍት ክዳን ያንሱ። የካሙ ጉብታ ከቫልቩ ተቃራኒ ወደ ላይ እስኪቆም ክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ያዙሩ፣ ከዚያ በካሙና በሺሙ መካከል ፊለር ጌጅ ያስገቡ። በቀደሙት ሞተሮች ማስገቢያው 0.45፣ ማስወጫው 0.50 ሚሊሜትር ነው። ስምንቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ሳይጽፉ ምንም አይፍቱ።

ሺሙ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ጠንካራ ብረት ነው፣ ቫልቩን የሚገፋው ኩባያ አናት ላይ ይቀመጣል። ከ3.25 እስከ 4.70 ሚሊሜትር በ0.05 እየጨመረ ይመጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ማስወጫው 0.35 ከተገኘና 0.50 ከተፈለገ 0.15 የሳሳ ሺም ያስፈልጋል። ያለው 4.10 ከሆነ 3.95 ይግባለት። ኩባያውን ወደ ታች ጫን አድርጎ የሚይዝ ልዩ መሣሪያ አለ፣ እሱ ካለ ካምሻፍቱ ሳይወርድ ሺሙ ይወጣል። የኩባያውን ጎድጎድ ወደ ራስዎ አዙረው በኮምፕሬሰር አየር ሲነፉት ሺሙ ብድግ ይላል። በጣት ወይም በካቻቢቴ ኃይል መታገል ካሙን ይጭረዋል። ቁጥሩ የተጻፈበት ገጽ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከሆነ ካሙ ይበላውና ቀጥሎ የሚሠራው ሰው ማንበብ አይችልም።

ሺም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ስምንቱን እርስ በርስ ያቀያይሩ፤ አንዱ ጋ የወፈረው ሌላው ጋ ልክ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ሁለት ሦስት ብቻ ነው።

ባለቤቶች የሚፈሩት የሚንቀጫቀጭ ቫልቭ ነው። የሚያስፈራው ግን ዝም ያለው ነው። ክፍተቱ የጠበበ ማስወጫ ቫልቭ መቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ሙቀቱን ለቴስታታው አያስተላልፍም፣ ረጅም ዳገት ላይ ይቃጠላል። የሰፋው ይጮሃል፣ ጥቂት ጉልበትም ይቀንሳል፣ ግን አይሞትም።

ቺንጋውን በተመለከተ

ክዳኑ ከተነሳ አይቀር ቺንጋውን ይመልከቱ። ስንጥቅ፣ ዘይት፣ ከውሃ ፓምፑ የወረደ ውሃ፣ አንዱም ካለ ይቀየር። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ «አዲስ» ቺንጋ ጎማው ደርቋል፤ አጥፈው ሲያዩት የሚሰነጠቅ ከሆነ አይግዙት።

ሲቀይሩ የሁለቱ ካምሻፍት ጎማዎች (ፑሊዎች) ምልክቶች ከጠቋሚዎቻቸው፣ ክራንክ ሻፍቱም ከምልክቱ ጋር ይግጠሙ። ቺንጋው ወልቆ ሳለ ካምሻፍት ማዞር የግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ክራንክ ሻፍቱን ሩብ ዙር አዙረው ፒስተኖቹን ሁሉ መሐል ላይ ያድርጉ። እንዲያም ሆኖ ቀስ ይበሉ፤ በዚህ ሞተር ማስገቢያና ማስወጫ ቫልቮች እርስ በርሳቸውም ሊጋጩ ይችላሉ። ሌላ የማይታይ ወጥመድ አለ። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ረዳት ዘንግ የቤንዚን ፓምፕ መግፊያ ጉብታ አለው፣ በአንዳንዶቹ ሞተሮች ይህ ጉብታ በተሳሳተ ቦታ ከታሰረ የሁለተኛውን ፒስተን ቢዬላ (ማያያዣ ክንድ) ይመታል። «እሱ እንደፈለገ ይቁም» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎ ቁልፉን ይቀበሉት።

ከወጠሩ በኋላ ሞተሩን በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩና ምልክቶቹን እንደገና ይዩ። በረጅሙ በኩል ቺንጋውን በሁለት ጣት ሲጠመዝዙት ሩብ ዙር ያህል ከዞረ ውጥረቱ ደህና ነው። አንድ ጥርስ ያለፈ ቺንጋ መኪናውን አያቆመውም፤ ጉልበቱን ብቻ ይበላና ጥፋቱን በካርቡራተር ያሳብባል።

ካርቡራተር፦ የከፍታው ዕዳ ያለበት ቦታ

ካርቡራተር አየርን የሚለካው በፍጥነቱ እንጂ በክብደቱ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ከፍታ ላይ ድብልቁ ይወፍራል። ደሴ ላይ በባሕር ወለል ጄት የሚሄድ መኪና ከ12 እስከ 13 በመቶ የሚሆን ትርፍ ቤንዚን ይጠጣል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ መታፈን፣ ከዚያ አልፎ የሲሊንደሩን ዘይት ማጠብ ሁሉም ከዚህ ይመጣል። ይህን ማስተካከል በጠቅላላው ሥራ ውስጥ በብር ብዙ ጉልበት የሚገዛበት ቦታ ነው።

ዌበር በሚባለው ካርቡራተር ላይ ዋናው ጄት በቁጥር ተጽፎበታል፤ 130 ማለት ቀዳዳው 1.30 ሚሊሜትር ነው። መነሻ የሚሆን ደንብ አለ፦ የቬንቱሪው (የካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ) ስፋት በሚሊሜትር ሲባዛ በአራት የዋናውን ጄት ቁጥር ይሰጣል፣ በዚያ ላይ 50 ሲደመር የአየር ጄቱን። 32 ቬንቱሪ ያለው ዌበር 40 አይዲኤፍ በዚህ ደንብ 128 ገደማ ዋና ጄትና 180 ገደማ የአየር ጄት ይዞ ይነሳል። ይህ ባሕር ወለል ላይ ነው። ለደሴ የዋናውን ጄት ቁጥር በ6 በመቶ፣ ለኮምቦልቻ በ4 በመቶ ተኩል ይቀንሱ። 130 የነበረው ደሴ ላይ 122፣ ኮምቦልቻ ላይ 124 ይሆናል ማለት ነው። ልዩነታቸው ሁለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ሰው ጄት ሲቀያይር መዋል የለበትም፤ የኮምቦልቻውን ይግጠም። ጥቂት የወፈረ ድብልቅ ጥቂት ጉልበት ያስቀራል፣ የሳሳ ድብልቅ ግን ፒስተን ያቀልጣል።

ጄት ለማጥበብ በቆርቆሮ ደፍኖ እንደገና መብሳት የተለመደ ነው። በ1.25 እና በ1.22 መካከል ያለው ልዩነት ከፀጉር ስለሚቀጥን በእጅ መሰርሰሪያ ትክክል አይወጣም፣ ቀዳዳውም አፉ ሸካራ ከሆነ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፍሰቱ ሌላ ይሆናል። ቁጥር የተጻፈበት ጄት ያስመጡ፤ ክብደቱ ከደብዳቤ አይበልጥም። ሲያጸዱም በሽቦ አይጎርጉሩት፣ በቤንዚንና በአየር ብቻ።

ጄት ከመቀየር በፊት ግን የተንሳፋፊውን ከፍታ በማኑዋሉ መሠረት ያስተካክሉ፣ በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን ይፈትሹ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ሲሠራ ዙሪያውን ትንሽ ዘይት ቢነኩበት ድምፁ ከተለወጠ አየር ይሰርቃል። ሚኒሞው ላይ የድብልቅ ብሎኑን ዙሩ ከፍ እስኪል ይፍቱ፣ መውረድ ሲጀምር ሩብ ዙር መልሰው ያጥብቁ። ሁለት ካርቡራተር ካለ የእያንዳንዱን አፍ የመተንፈስ ድምፅ በቀጭን ጎማ ቱቦ በጆሮ ማወዳደር ይበቃል፤ አንዱ ከፍ ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ማገናኛውን ዘንግ ያስተካክሉ።

ውጤቱን የሚነግርዎ ካንዴላው ነው። አዲስ ካንዴላ ይግጠሙ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ይውጡ፣ ከመንገድ ወጣ ብለው ሞተሩን በሚኒሞ ሳያሠሩ ያጥፉና ይፍቱ። ነጩ የሸክላ ክፍል የቡና ከወተት ቀለም ካለው ደህና ነው። ጥላሸት ከለበሰ ይቀንሱ። ነጭ ሆኖ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለበት ሳይውል ሳያድር ጄቱን ያሳድጉ። በከተማ ሲንቀሳቀስ የዋለ መኪና ካንዴላ ስለ ዋናው ጄት ምንም አይነግርም፤ እሱ ያየው የሚኒሞውን ጄት ብቻ ነው።

የእሳቱ ጊዜ

በሳሳ አየር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚስፋፋው፣ ስለዚህ ቀደም ብሎ መለኮስ አለበት። የማንኳኳት (ድብልቁ ያለ ጊዜው የመፈንዳት) አደጋውም እዚህ ከፍታ ላይ ይቀንሳል። ፑንቲናው (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው መቆራረጫ) ከ0.37 እስከ 0.43 ሚሊሜትር ይከፈት፤ ፑንቲናው ሲለወጥ ጊዜውም ስለሚለወጥ ሁልጊዜ ፑንቲና መጀመሪያ፣ አድቫንስ (እሳቱ ቀድሞ የሚለኮስበት ዲግሪ) በኋላ።

አብዛኞቹ 124 እና 125 በሚኒሞ 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ይታሰራሉ። ደሴ ላይ ሦስት ዲግሪ ይጨምሩና ይሞክሩ። ነገር ግን ዋናው ቁጥር የሚኒሞው አይደለም፤ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ያለው ጠቅላላ አድቫንስ ነው። በታይሚንግ መብራት፣ ዙሩ ከአራት ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከ36 እስከ 38 ዲግሪ መካከል ይቁም። ፑሊው ላይ ይህ ምልክት ከሌለ ዙሪያውን በክር ለክተው፣ በ360 አካፍለው፣ ራስዎ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ያረጀ ዲስትሪቢውተር ስፕሪንጉ ስለሚላላ በሚኒሞ 10 ብሎ ላይ 45 ሊደርስ ይችላል። በሚኒሞ ብቻ የሚያስተካክል ሰው ይህን አያየውም።

ከዚያ በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ቀለል ያለ ዳገት ላይ ድንገት ይርገጡ። ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚነቀነቅ ያለ ድምፅ ከመጣ ሁለት ዲግሪ ይመልሱ። ድምፁ የማይሰማው በከፍተኛ ዙር ነው፤ የሞተርና የነፋስ ጩኸት ይሸፍነዋል፣ ፒስተኑን የሚበሳው ግን ያኛው ነው።

አየር መግቢያና ማርሚታ

አጭር ነው። ፊልትሮውን አያውልቁ። የወሎ የኮረኮንች መንገድ አቧራ በአንድ በጋ ፋሻና ሲሊንደር ይጨርሳል፣ ካርቡራተሩም ያለ ፊልትሮ ቤቱ ድብልቁ ይዛባል። ንጹሕ ወረቀት ፊልትሮና ከራዲያተሩ ፊት ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ቱቦ ይበቃል። የ1608 ሞተሮች የማስወጫ ማኒፎልድ አራቱን ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ጥሩ ሥራ ነው፤ ካልተሰነጠቀ አይጣል። ከእሱ በኋላ ከ45 እስከ 50 ሚሊሜትር ቱቦና አንድ ቀጥታ የሚያሳልፍ ማርሚታ ያስበይዱ። ከዚያ በላይ ማስፋት በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ያሳጣል፣ ሐረጎ ላይ የሚፈለገው ደግሞ እሱው ነው።

ቴስታታውን ማስላጥ

በቤንዚኑ ባሕር ወለል ላይ 8.8 መጭመቂያ (የኮምፕሬሽን ሬሾ) የሚችል ሞተር ደሴ ላይ ከዚያ በላይ ይችላል፣ ምክንያቱም ሲሊንደሩ የሚሞላው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ከፋብሪካው በላይ መጨመር ከተፈለገ መጀመሪያ ብር የሚወጣበት ቦታ ይህ ነው፤ በሁሉም ዙር ላይ ጉልበት ይሰጣል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 1608 ሲሲ ለአራት ሲካፈል በአንድ ሲሊንደር 402 ይሆናል። በ8.8 መጭመቂያ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 402 ሲካፈል ለ7.8፣ ማለትም 51.5 ሲሲ ነው። ወደ 9.5 ለማምጣት 402 ሲካፈል ለ8.5፣ 47.3 ሲሲ መሆን አለበት። 4.2 ሲሲ መቀነስ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ የማይወጣ መኪና እስከ 9.8 ይሄዳል፤ ወደ አፋር የሚወርድ ከሆነ 9.3 ላይ ይቁም።

ስንት ሚሊሜትር እንደሚላጥ በግምት አይነገርም። ቴስታታውን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ቫልቮቹ ተዘግተው፣ በግራሶ ታሽገው፣ ካንዴላው ታስሮ ይሁን። ከፋርማሲ በሚገኝ ባለ መስመር ሲሪንጅ ነጭ ጋዝ ይሙሉ፤ ከላይ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ሰሌዳ በግራሶ ያስቀምጡ፣ አለዚያ ፈሳሹ ጠርዝ ላይ ይጎብጥና ያታልላል። ሞልቶ ስንት ሲሲ እንደያዘ ይጻፉ። ከዚያ ሰሌዳውን ያንሱ፣ ከዚያው መጠን 4.2 ሲሲ ቀንሰው እንደገና ይጨምሩ፣ ከቴስታታው ፊት እስከ ፈሳሹ ያለውን ጥልቀት በካሊፐር ይለኩ። የሚላጠው ልክ ያ ነው። በ80 ሚሊሜትር ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ከ0.8 በላይ ይወጣል። ሬክቲፊካ ቤቱ ከዚህ በላይ «ለጥንቃቄ» እንዳይወስድ ቁጥሩን በወረቀት ይስጡት፤ አሉሚኒየም ከተላጠ አይመለስም። ማኑዋሉ የሚፈቅደው አነስተኛ ውፍረትም አለ።

ከተላጠ በኋላ ሁለት ነገር ይለወጣል። ቴስታታው ወደ ክራንክ ሻፍቱ ስለቀረበ ቺንጋው ይላላል፣ ሲወጠርም ካምሻፍቶቹ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራሉ። የሚስተካከል የካም ጎማ ካልተገጠመ በመጭመቂያው ያገኙትን በካሙ ያጣሉ። ሁለተኛው የቫልቭና የፒስተን ርቀት ነው። የልጆች ፕላስቲሲን የፒስተኑ አናት ላይ ይለጥፉ፣ ዘይት ይቀቡት፣ በአሮጌው ጓርኒሲዮን ቴስታታውን አጥብቀው፣ ቺንጋውን በምልክቱ አስረው ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር ያዙሩ። ከያዘ አያስገድዱት። ፈትተው ፕላስቲሲኑን በምላጭ ቆርጠው ቀጭኑን ቦታ ይለኩ፤ በማስገቢያው 1.5፣ በማስወጫው 2 ሚሊሜትር ካልተገኘ ፒስተኑ ላይ ለቫልቭ ጉድጓድ መቆፈር አለበት። መጨረሻ ሲገጥሙ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ የተጸዱ ብሎኖች፣ በቶርክ ቁልፍ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ጊዜ።

ካምሻፍትና ትልቅ ሞተር

ለውድድር የተሳለ ካምሻፍት ከአምስት ሺህ ዙር በላይ ነው የሚነቃው። የሳሳ አየርና ዳገት ባለበት አገር በዝቅተኛ ዙር የሚያሳጣው ብዙ ስለሆነ አንመክርም። የፋብሪካውን ካም በትክክል ማሰር ይሻላል። ክብ የዲግሪ ሰሌዳ ክራንክ ሻፍቱ ላይ፣ ዳያል ጌጅ ኩባያው ላይ አድርገው የማስገቢያው ካም ከፍተኛ ጉብታ ፒስተኑ ላይኛውን ጫፍ ካለፈ በኋላ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚመጣ ያግኙ። ከ106 እስከ 110 መካከል ከሆነ ጥሩ ነው፤ ወደ 106 ሲጠጋ ለዳገት ይመቻል።

ገንዘብ ካለ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ መንገድ ያሳያል። የ132ቱ 1995 ሲሲ ሞተር ደሴ ላይ የሚስበው አየር 1608ቱ ባሕር ዳርቻ ከሚስበው ጋር ይቀራረባል። ከፍታው የወሰደውን አብዛኛውን በአንድ ጊዜ የሚመልስ ይህ ነው። ብሎኩ ረዘም ያለ ነው፣ ቺንጋውም የራሱ ስለሆነ የ1608ቱን ለማጋባት አይሞክሩ፤ 124 ላይ ከሆነ የሞተር ክዳኑ መዝጋቱን ቀድመው ይለኩ።

ሙቀትና ፍሬን

ደሴ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ራዲያተሩን ከዚያ የሚያድነው የክዳኑ ስፕሪንግ ነው። 0.8 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 112 ገደማ ያወጣዋል፤ ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም፣ መኪናውም የሐረጎ አጋማሽ ላይ ውሃ ይተፋል። መካኒኩ ጓርኒሲዮን ነው ሲል ክዳኑን ቀይረው ይሞክሩ። ቤንዚኑም እንዲሁ ቀድሞ ይፈላል። ዳገት ጨርሶ ቆሞ ሲነሳ የሚያንቃቃ መኪና ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ተንኗል። ቱቦውን ከማስወጫ ማኒፎልዱ ያርቁ፣ ከፓምፑ በታች የቆርቆሮ ጋሻ ያድርጉ።

የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፣ አየሩ ሲሳሳ እርዳታውም ይሳሳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፔዳሉ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሸራው፣ ዲስኩና የፍሬን ዘይቱ ሳይታደስ ሞተር ማጎልበት አይጀመር፤ በሁለተኛ ማርሽ የወጡትን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ።

የሠሩት ሁሉ ለውጥ ማምጣቱን ለማወቅ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው ሜዳ፣ መንገዱ ባዶ በሆነበት ጠዋት፣ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ በሄደበትና በመልሱ ያስለኩ። አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ይለኩ፣ ይጻፉ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሦስት ነገር አንድ ቀን የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ከባቲ አልፈው ወደ ሚሌ ሲወርዱ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። በደሴው 122 ጄት እዚያ የሚሄድ መኪና ድብልቁ 10 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያሳሳ ልዩነቱን ትንሽ ያጠበዋል፣ ግን በዚያው ሙቀት ማንኳኳቱ ይብሳል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ 130 ጄቶች በትንሽ ጠርሙስ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ይቀመጡ። ባቲ ላይ ቆመው ይቀይሯቸው፣ ዲስትሪቢውተሩን አራት ዲግሪ ወደ ኋላ ይመልሱ። የደሴው ቦታ እንዳይጠፋ ከመፍታትዎ በፊት ዲስትሪቢውተሩና መቀመጫው ላይ በአንድ ጭረት ምልክት ያድርጉ።